የእድራችን ጸሐፊ ላፕቶፕ፦ ፋይል የማውጣትና ቫይረስ የማጽዳት ሥራ ማስታወሻ

ዓርብ ማታ

የእድራችን ጸሐፊ ላፕቶፓቸውን ዛሬ አስረከቡኝ። መሣሪያው ቶሺባ ሳተላይት ሲሆን 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ 7 አለው። ለዚህ ዊንዶውስ ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። በውስጡ የአባላት መዝገብ፣ የወርኃዊ መዋጮ ሰንጠረዥ፣ የዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የመተዳደሪያ ደንቡ ረቂቆችና የንብረት ቆጠራ ፎቶግራፎች፣ ድንኳኑና ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ብረት ድስቱ ሳይቀር፣ ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ በወረቀት ታትሞ የተያዘው ጥቂቱ ነው።

ዋይፋዩን ዘግቼ አስነሣሁትና የሚታየውን መዘገብኩ። በዲ ክፍል (ዊንዶውስ ከተጫነበት ከሲ የተለየው የሃርድ ዲስኩ ክፍል) ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ትንሽ ቀስት ያረፈባቸው ሾርትከቶች ሆነዋል። ከመካከላቸው የአንዱን ባሕርይ ከፍቼ «ታርጌት» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈውን ስመለከት፣ ትእዛዙ በመጀመሪያ የዊንዶውስን የስክሪፕት ማስኬጃ ጠርቶ አንድ የተደበቀ ቪቢኤስ ፋይል፣ ማለትም ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ያስጀምራል፤ ቀጥሎም እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ተጠቃሚው የፈለገው ፎልደር ስለሚከፈትለት ምንም አልጠረጠረም። ታስክ ማኔጀርን ለመክፈት ስሞክር «በአስተዳዳሪው ተዘግቷል» የሚል መልእክት መጣ፤ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ ባበራውም ወዲያው ተመልሶ ይጠፋል። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ክፍሎቹ ብቻ በሚነሣበት ስልት) ለማስነሣት ስሞክር ደግሞ ሰማያዊው የስሕተት ገጽ መጣ።

የሾርትከቱ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ እንዲህ ያለው የስክሪፕት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሮችን ይደብቃል እንጂ በውስጣቸው ያለውን አይነካም። ሴፍ ሞድ እንዳይሠራ የሚያደርግ ቫይረስ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ምን እንደሆነ ግምት አለኝ፤ ሳላረጋግጥ ግን ስሙን እዚህ አላሰፍርም።

ጸሐፊው አንድ ጠቃሚ ነገር ነግረውኛል። «ባለፈውም ፎርማት አስደርጌው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ያው ሆነ» አሉኝ። ፎርማት ሲደረግ ዲ ተነክቶ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ፋይላቸው እንዳይጠፋ ሲ ብቻ እንዲደረግ ማሳሰባቸውን ገለጹልኝ። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን በራሱ ዊንዶውስ አላስነሣውም። ዊንዶውሱ በተነሣ ቁጥር ቫይረሱም አብሮ ይነሣል፤ በዚያ ሁኔታ የሚሰካ ማንኛውም ባክአፕ መያዣ ሾርትከት ተዘርቶበት ይመለሳል።

ቅዳሜ ጠዋት

በራሴ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ የሊኑክስ ሚንት 22ን፣ የምስል ፋይል አውርጄ፣ የሻ-256 አሻራውን (ፋይሉ በትንሹም ከተለወጠ የሚለወጠውን የማረጋገጫ ቁጥር) ከአዘጋጆቹ ገጽ ጋር አመሳክሬ፣ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጻፍኩት። ላፕቶፑን ሳበራ ኤፍ12ን ተጭኜ ከፍላሹ እንዲነሣ አደረግኩ፤ ሚንት ሳይጫን በራም ላይ ብቻ ስለሚሠራ ሃርድ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ነገር የለም። ለበለጠ ጥንቃቄ የሲና የዲ ክፍሎችን «ለማንበብ ብቻ» በሚለው አማራጭ ከተርሚናል ከፈትኳቸው። ይህን ማድረግ ያስፈለገው በእጄ ስሕተት አንድ ፋይል እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን፣ የታመመ ዲስክ ላይ መጻፍ ራሱ ጉዳት ስለሆነ ነው።

የዲ ክፍል በሊኑክስ ሲከፈት ምስጢሩ ሁሉ ተገለጠ። ዊንዶውስ «የተደበቀ» እና «የሥርዓት» ብሎ የሚያውቃቸውን ምልክቶች ሊኑክስ ከቁም ነገር ስለማይቆጥራቸው፣ እውነተኞቹ ፎልደሮችና ስማቸውን የወረሱት ሾርትከቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ታዩ። «ቃለ ጉባኤ» የሚል ፎልደር አለ፤ ከሥሩ «ቃለ ጉባኤ» የሚል ሾርትከት አለ። የጠፋ ነገር አለመኖሩን ለጸሐፊው በስልክ ሳበሥራቸው «ተመስገን» ብለው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ከመቅዳቴ በፊት የሃርድ ዲስኩን የጤና መዝገብ፣ ማለትም ስማርት የሚባለውን፣ አየሁ። ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በጥርጣሬ የያዛቸው ሴክተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን የዲስኩ ክፍሎች፣ አሉ፤ ወደ መጠባበቂያ ቦታ የተዛወሩም አሉ። ቁጥሩ ገና ትንሽ ቢሆንም መጨመር ከጀመረ አይቆምም። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ተለወጠ። ሁሉንም ከላይ ወደ ታች ከመቅዳት ይልቅ ምትክ የሌለውን አስቀድሜ፣ ዳግም ሊገኝ የሚችለውን አስከትላለሁ። ቃለ ጉባኤውና መዝገቡ አንደኛ፣ ፎቶግራፉ ሁለተኛ፣ ፊልምና ዘፈን መጨረሻ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

መቅጃው አርሲንክ ነው። በመሐል ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የፋይሉን የመጨረሻ ማሻሻያ ቀንም እንዳለ ይጠብቃል። ለቃለ ጉባኤ ደግሞ ቀኑ ራሱ ማስረጃ ነው። ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ቪቢኤስና ኤልኤንኬ የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች (ፕሮግራም፣ ስክሪንሴቨር፣ ስክሪፕትና ሾርትከት) እንዲሁም አውቶራን የሚባለው የጽሑፍ ፋይል እንዳይቀዱ አገድኩ። የታገዱትን ዝርዝር ግን ለብቻው አስቀመጥኩ፤ ከመካከላቸው የሚፈለግ ፕሮግራም ቢኖር ስሙን አይተን ከመነሻው እናወርደዋለን።

ተቀባዮቹ ሁለት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች ሲሆኑ ሁለቱንም ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጌያቸዋለሁ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ደግሞ የጽሕፈት መዝገብ ስለማይይዝ መብራት በመሐል ሲጠፋ የፋይል ሰንጠረዡ የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ በእኛ ሰፈር የሚናቅ ምክንያት አይደለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ፎቶግራፎቹ እየተቀዱ ሳሉም መብራት ሄደና ሁሉም ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ ሚንትን እንደገና አስነሥቼ፣ ክፍሎቹን እንደገና ለማንበብ ብቻ ከፍቼ፣ ያንኑ ትእዛዝ ስሰጥ የተቀዳውን እየዘለለ ወደ ቀረው አለፈ።

የት የት መፈለግ እንዳለበት ጥቂት ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ዲን ቀድቶ ጨረስኩ ይላልና። የጸሐፊው እውነተኛ ሥራ ግማሹ ያለው ሲ ላይ ነው። ዴስክቶፑ የተሞላው በሰንጠረዥ ነው፤ በዳውንሎድስ ውስጥ ደግሞ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር አለ፣ የኮሚቴ አባላት የላኳቸው የባንክ ደረሰኝ ፎቶዎችና የተፈረሙ ደብዳቤዎች በሙሉ እዚያ ተከማችተዋል። ሲን ፎርማት ማድረግ እነዚህን ሳይጠይቅ ያጠፋቸዋል። ባለፈው ጊዜም በዚሁ መንገድ የጠፋ ነገር እንዳለ የደረሰኞቹ ቀን ይናገራል፤ ከአንድ ወር ወዲህ ያለው ሙሉ ሲሆን ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ነው።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ መነበብ አቅቶት የንባብ ስሕተት ሰጠ፤ ዲስኩም ትክ ትክ የሚል ድምፅ ጀመረ። በኃይል ደጋግሜ እንዲያነብ ከማስገደድ ይልቅ ፋይሉን ዘልዬ ሌላው በሙሉ እንዲያልቅ ጠበቅኩ፤ በመጨረሻም ዲዲሬስኪው የሚባለውን መሣሪያ ሰጠሁት። ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስብና ወደ አስቸጋሪው ክፍል በኋላ ይመለሳል። ቪዲዮው ለጥቂት ሰከንዶች ቢቆራረጥም ይከፈታል።

ቅዳሜ ማታ

ቅጂው አለ ማለትና ቅጂው ትክክል ነው ማለት ይለያያሉ። ከምንጩ ላይ፣ ከሠርግ ቪዲዮው በስተቀር፣ የእያንዳንዱን ፋይል የሻ-256 አሻራ አውጥቼ በአንድ ዝርዝር አስቀመጥኩና በሁለቱም ዲስኮች ላይ አመሳከርኩት። ተራ ማረጋገጫ ስለሆነ ስለእሱ ብዙ የሚባል የለም፤ አሻራዎቹ ተገጣጥመዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሥራውን አስረዘመው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጻፉትን ቃለ ጉባኤዎች በራሴ ኮምፒውተር ስከፍት የአማርኛ ፊደል የለም፤ ገጹ ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተሞልቷል። ፋይሎቹ አልተበላሹም፣ ቫይረሱም አልነካቸውም። የተጻፉት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የድሮ ቅርጸ ፊደሎች ነው። በእነዚያ ዘዴዎች አንድ ቅርጸ ፊደል ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ ብቻ 231 ሆኖ ዲቃላው፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ አማርኛው በላቲን ቦታዎች ላይ ተከፋፍሎ ተቀመጠ። ግዕዝ በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዓት በሚቆጥረው መስፈርት) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው፤ የእድራችን ጽሕፈት ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በአሮጌው ቀጥሏል።

ስለዚህ ከዊንዶውስ ፎልደር ሥር ያለው የቅርጸ ፊደል ክምችትም የባክአፑ አካል ነው። እሱ ከሌለ ቃለ ጉባኤው አለ፣ የሚያነበው ግን የለም። ቅርጸ ፊደሎቹን ከሲ ላይ አውጥቼ ቀዳሁና በዚያው በሚንት ላይ ጫንኳቸው፤ ሊብሬኦፊስ አንዱን ፋይል ሲከፍት «የዕለቱ አጀንዳ» የሚለው ርእስ በወግ በወጉ ተነበበ። እያንዳንዱን ሰነድ ቅርጸ ፊደሉን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ እያወጣሁ ነው። ይህ የገጹን መልክ ያድናል፤ ከፒዲኤፉ ውስጥ በአማርኛ ቃል መፈለግ ግን አይቻልም፣ ከሥሩ ያለው አሁንም ላቲን ነውና። የአባላት መዝገቡና ደንቡ በዩኒኮድ ሊተየቡ ይገባል፤ የጸሐፊው ልጅ ይህን ለመሥራት ተስማምታለች።

እሑድ ጠዋት

ፋይሎቹ በሁለት ቦታ ተረጋግጠው ስለተቀመጡ፣ ላፕቶፑን ያለ ሥጋት መመርመር የሚቻለው አሁን ነው። ያለ ዊንዶውስ ተነሥቶ ቫይረስ የሚፈልገውን የካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክን በሌላ ፍላሽ ጽፌ አስነሣሁ፤ የቫይረስ ዝርዝሩን ለማደስ የሚወስደው የኢንተርኔት ፓኬጅ ቀላል ስላልሆነ የእሑድ ጥቅል ገዛሁ። ምርመራው እየሄደ የሚያወጣው ስም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሳሊቲ። ዓርብ ማታ የጠረጠርኩትም እሱን ነው።

ሳሊቲ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚታወቅ አሮጌ ቫይረስ ነው። ታስክ ማኔጀርን ይዘጋል፣ የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) ማስተካከያውን ይዘጋል፣ ሴፍ ሞድ የሚነሣባቸውን የሬጂስትሪ ቁልፎች ይደመስሳል፣ የአንቲቫይረስ ድርጅቶችን ገጾች እንዳይከፈቱ ያግዳል። ከሁሉም የሚከፋው ራሱን የቻለ አንድ ፋይል አለመሆኑ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ባገኛቸው ኢኤክስኢና ኤስሲአር ፋይሎች ውስጥ የራሱን ኮድ ይጨምራል፤ እንደ መዥገር ከቆዳ ላይ ተነቅሎ የሚጣል ሳይሆን ከደሙ ጋር የተቀላቀለ ነገር ነው።

በዲ ላይ «ሶፍትዌር» የሚል ትልቅ ፎልደር አለ። በየቤቱ ያለ ፎልደር ነው፦ ዊንራር፣ ቪኤልሲ፣ የማተሚያ ድራይቨር፣ የፓወር ግዕዝ መጫኛ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ክራክ (የፈቃድ ቁልፍ መስበሪያ)። የቪኤልሲውን መጫኛ ከአዘጋጆቹ ገጽ ካወረድኩት ተመሳሳይ ዕትም ጋር አነጻጸርኩት። ከፎልደሩ የወጣው በመጠኑ ይበልጣል፤ አሻራው አይገጥምም፤ የአዘጋጁ ዲጂታል ፊርማም ፈርሷል። በዚያው ፎልደር ውስጥ ስካነሩ ያልጠቆመው ኢኤክስኢ ለማግኘት ይቸግራል።

ፎርማት ተደርጎ ሳምንት ሳይሞላው የተመለሰበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ሲ ተጠርጎ አዲስ ዊንዶውስ ተጫነ፤ ቀጥሎ ባለሙያው ወይም ጸሐፊው ዲ ውስጥ ገብተው የመጀመሪያውን መጫኛ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረጉ፤ ንጹሑ ዊንዶውስ በዚያች ቅጽበት ተበከለ። ዲን ለማዳን ሲባል የተረፈው ነገር ቫይረሱን አብሮ አተረፈ። በበኩሌ ይህን ዓይነቱን ፎርማት እንደ ሕክምና አልቆጥረውም።

ስካነሩ የተበከሉትን «ላጽዳ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶቹን በእርግጥ ያጸዳል። ነገር ግን ዊንዶውሱ ማሻሻያ የማያገኝ፣ ዲስኩ እየደከመ ያለ፣ የተቆረጡት የሬጂስትሪ ቁልፎችም በእጅ የሚመለሱ በሆነበት ማሽን ላይ ፋይል በፋይል ማጽዳት ጊዜ ማባከን ነው። የስክሪፕት ቫይረሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቪቢኤሱን ከስታርትአፕና ከአፕዳታ አጥፍቼ፣ በአትሪብ ትእዛዝ የተደበቁትን ገልጬ እመልሰው ነበር። አሁን ግን ዲስኩ ይቀየራል፣ ሲስተሙም ከሥሩ እንደ አዲስ ይጫናል።

እሑድ ከቀትር በኋላ

የእድሩን ፍላሾች በሙሉ እንዲሰበስቡልኝ ጠይቄ ስለነበር ገንዘብ ያዣችን የእሳቸውን ይዘው መጡ። ቡና እስኪፈላ በሚንት ላይ ሰካሁት። ሲከፈት የሚታየው የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት ብቻ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን ስም የለሽ የሚመስል ፎልደር ተቀምጧል። ስሙ በእርግጥ አለ፣ ግን የማይታይ የክፍተት ምልክት ነው። የገንዘብ ያዣችን ፋይሎች በሙሉ ወደዚያ ተዛውረዋል። ይህ አንድሮሜዳ፣ በሌላ ስሙ ጋማሩ፣ የተባለው ቫይረስ የታወቀ ዘዴ ነው።

ስለእነዚህ የፍላሽ ቫይረሶች አንድ ታሪካዊ ነገር ልጨምር። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ ቫይረሱ በአውቶራን በራሱ ይነሣ ነበር። ዊንዶውስ 7 ይህን ለፍላሽ አስቀረው፤ ለኤክስፒና ለቪስታም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በማሻሻያ ዘጋው። ቫይረሶቹ በራሳቸው መነሣት ሲከለከሉ ሰውየው በገዛ እጁ እንዲያስነሣቸው ማታለል ያዙ፤ የሾርትከቱ ጥበብ ይኸው ነው። የአንድሮሜዳ መረብ፣ ማለትም የተበከሉት ኮምፒውተሮች ትእዛዝ የሚቀበሉበት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በኤፍቢአይ፣ በዩሮፖልና በአጋሮቻቸው ተቆርጧል። ይሁንና በየፍላሹ ላይ የቀረው ቅጂ ከሰው ወደ ሰው መዞሩን አላቆመም፤ ማንዲያንት የተባለው የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 እንደዘገበው፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸው የዚያ መረብ አድራሻዎች በሌሎች ሰዎች እንደገና ተመዝግበው ዩክሬን ውስጥ ለስለላ አገልግለዋል። «አሮጌ ቫይረስ ነው፣ ምን ያደርጋል» ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

ገንዘብ ያዣችን ፍላሹን የት የት እንደሚጠቀሙበት ጠየቅኳቸው። ከጸሐፊው ላፕቶፕ ደረሰኝ ቀድተው ወደ ኮፒ ቤት ይሄዳሉ፣ አሳትመው ይመለሳሉ፣ በወሩም እንዲሁ። ኮፒ ቤቱን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ በቀን የስንቱን ሰው ፍላሽ ይሰካል። ፋይሎቹን ከስም የለሹ ፎልደር አውጥቼ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አደረግኩና ፋይሎቹን መለስኩ። የሌሎቹ ኮሚቴዎች ፍላሾችም በተመሳሳይ መንገድ ታዩ፤ የሊቀ መንበሩ ብቻ ንጹሕ ነበር፣ ከሳጥኑ ወጥቶ ስለማያውቅ።

ሰኞ ማታ

ከመርካቶ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ተገዛ። የላፕቶፑን የታች ክዳን ሁለት ብሎን ፈትቼ አሮጌውን ዲስክ አወጣሁና አዲሱን ሰካሁ፤ ይህ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነበር።

በሲስተሙ ምርጫ ላይ ከጸሐፊው ጋር ተከራክረናል። እሳቸው የሚያውቁትን ዊንዶውስ ፈልገው ነበር። ዊንዶውስ 11 ይህን ማሽን በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ በክራክ የተነቃ ዊንዶውስ ደግሞ ችግሩን ከበሩ መጋበዝ ነው። እድሩ የሚጠቀመው የሂሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራው ፒችትሪ ቢሆን ኖሮ እኔም ሊኑክስን አላነሣም ነበር። የሚሠሩት ግን ሰንጠረዥ፣ ደብዳቤና ኅትመት ነው። ሊኑክስ ሚንት 22 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል፤ የኢኤክስኢ ቫይረስም በዚያ ላይ ባለበት ተኝቶ ይቀራል። «ጋሼ፣ ለአንድ ወር ይሞክሩት፤ ካልተስማማዎት እቀይረዋለሁ» ብያቸው ተስማሙ።

የአማርኛ አጻጻፉን ሴራ በሚባለው ዘዴ አስተካከልኩ። ፊደሉ እንደ ድምፁ በላቲን ቁልፎች ስለሚጻፍ ከለመዱት ብዙ አይርቅም፤ ጠ፣ ጨ እና ኘ በትልቁ ፊደል እንደሚመጡ፣ ሸ ደግሞ በኤክስ ቁልፍ እንደሚመጣ በወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ሥር ለጠፍኩላቸው። የድሮዎቹን ቅርጸ ፊደሎችም ጫንኩ። ማተሚያው ያለ ድራይቨር ዲስክ በራሱ ተገኘ፤ ጸሐፊውን ከሁሉ ያስደሰታቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከባክአፑ ወደ አዲሱ ዲስክ የመለስኩት ሰነድ፣ ሰንጠረዥ፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ብቻ ነው። ከመመለሴ በፊት ባክአፑን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር አስፈተሽኩት። የተገኘው ስሙን ለውጦ በፎቶ ፎልደር ውስጥ ያመለጠ አንድ ስክሪፕት ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከሁለቱም ቅጂዎች ተሰርዟል።

ረቡዕ ማታ

ላፕቶፑን አስረከብኩ። ሳሊቲ በነበረበት ማሽን ላይ የተተየበ የይለፍ ቃል ሁሉ በሌላ ሰው እጅ እንደገባ ተቆጥሮ መቀየር ስላለበት፣ የኢሜይሉን ከስልካቸው ቀየርን። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተን ከስልኩ በስተቀር ያሉትን በሙሉ አስወጣናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ ጸሐፊው የማያውቁት የለም፣ የላፕቶፑ የድሮ መግቢያ ግን ከአንድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛ የይለፍ ቃልም እንዲጠይቅ አድርገናል።

ከሁለቱ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች አንዱ በጸሐፊው፣ ሌላው በሊቀ መንበሩ ቤት ይቀመጣል፤ በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ይለዋወጣሉ፣ ጸሐፊው ጋር የደረሰውም በዚያው ሳምንት ይታደሳል። ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር ተሰክቶ አይከርምም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ «የተበከለ፣ እንዳይሰካ» ብዬ ጽፌበት እኔ ዘንድ ይቆያል፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የጎደለ ሰነድ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ይደመሰሳል።

ለኮፒ ቤት አንድ ትንሽ ፍላሽ ለይተናል። በእሱ ላይ የሚጫነው ለኅትመት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ብቻ ሲሆን፣ ከኮፒ ቤት ሲመለስ ፋይል ሳይከፈት በቀጥታ ፎርማት ይደረጋል። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኙን በቴሌግራም ወደ ኮፒ ቤቱ መላክ እንደሚቻል ጠይቀውኛል፤ ኮፒ ቤቱ የሚቀበል ከሆነ ፍላሹ ጭራሽ ባይወጣ ይሻላል ብያቸዋለሁ።